የመርጫው ውሃ

ታናሽ እህቴ ቀኑን ሙሉ ቆማ ስትውል ሳይ ሆዴ ይሻክራል። ጸጉር ቤታችን ውስጥ ትልቁ ወንበር አንድ ነው፤ እሱ ጋ የሚሠራ ደግሞ ቆሞ ነው የሚሠራው። ድሮ የእኔ ነበር። አሁን እኔ ጥግ ይዤ ጥፍር እቀባለሁ፣ ተቀምጬ።

የበሽታዬ ስም ከእኔ ይረዝማል። ብድግ ስል ደሜ ወደ እግሬ ይወርዳል፣ ልቤ ሌባ እንደሚያባርር ሰው ይሮጣል፣ ዓይኔ ይጨልማል። ሐኪሙ፣ "ውሃም ጨውም አብዢ፣ ስትነሺ ቀስ በዪ" አለኝ። ይህን የሰማችው እናታችን፣ "አንዳንዱ ይታደላል" አለች። እሷ በደም ግፊት ምክንያት ጨው ከተከለከለች ቆይታለች።

ለደንበኞች ግን እግሬ ወለም ብሎኝ ነው ብያለሁ። ሕመሜ ከታወቀ ወንበሩ ጨርሶ አይመለስልኝም። ስለዚህ ጨው የበጠበጥኩበትን ውሃ ጸጉር በምናረጥብበት መርጫ ሞልቼ መደርደሪያው ላይ ከሌሎቹ ጋር አቆመዋለሁ። ሰው ዞር ሲል ክዳኑን ፈትቼ እጎነጫለሁ።

ቅዳሜ የድሮ ደንበኛዬ መምህርቷ መጣች። ዓመታት ሙሉ ከእኔ በቀር ጸጉሯን ማንንም የማታስነካ ሴት፣ ትልቁ ወንበር ላይ ተቀምጣ ራሷን ለእህቴ ሰጠች። ቅናት አንገበገበኝ። እህቴ መርጫ አንስታ ትረጭባት ጀመር፤ የእኔን ነበር። ምን ብዬ ላስጥላት?

"ዛሬስ ጸጉሬ እንዴት አምሮ ያዘ፣ ምን አድርገሽበት ነው?" አለች መምህርቷ።

"እጄ ነዋ" አለች እህቴ እየሳቀች።

ጨው ለራሱ ሲል ይጣፍጥ ይባላል፤ የእኔው ለሰው ጣፈጠ። "የእኔ ነው!" ብዬ ተፈናጥሬ ተነሳሁ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የወለሉን ቅዝቃዜ ብቻ ነው።

ዓይኔን ስገልጥ እግሮቼ ትልቁ ወንበር ላይ ተሰቅለዋል። እህቴ ቀና አድርጋ ደገፈችኝና እጇ የደረሰበትን መርጫ ከፍታ ልታጠጣኝ ስትል ጣቷ ላይ የፈሰሰውን ላሰች።

"እትዬ፣ ይሄ ያንቺ ጨው ነው እንዴ?" ብላ ወደ መምህርቷ ዞረች። "ጸጉሩን ያሳመረው እጄ አይደለም። የሷ መድኃኒት ነው።"

ሁሉንም ነገርኳቸው። ምን ቀረኝ?

መምህርቷ ዝቅ ያለችውን ዱካ ስባ ከፊቴ ተቀመጠች። "ተቀምጠሽ መሥራት ትችያለሽ አይደል? እኔ ዝቅ እላለሁ" አለችኝ።

ውሃዬን በግላጭ ተጎንጭቼ ጸጉሯን ያዝኩ። ቀና ስል እህቴ በመስታወቱ ውስጥ ታየችኝ፤ ባዶው ወንበር አጠገብ ቆማ እጆቼን ትመለከታለች። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። እስከ ቅድም ድረስ የእኔ ነበር።