ፈንድሻን ይዤ የሮጥኩበት ጠዋት

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ነው። የማልረሳው እንደዚያ ጠዋት ፈርቼም፣ እንደዚያ ጠዋት ስቄም ስለማላውቅ ነው።

የስፖርት መምህር ነኝ። ቁመቴም ትከሻዬም አያሳፍርም። ባለቤቴ ሰናይት ግን አክስቷ ከአዲስ አበባ ያመጣችላት፣ ነጭ፣ ጸጉሯ የተንጨባረረ፣ ከድመት እምብዛም የማትበልጥ ውሻ አለቻት። ስሟ ፈንድሻ ነው። ከእኔና ከፈንድሻ ማንን ትመርጫለሽ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም፤ መልሱን ስለማውቀው።

በዚያ ሰሞን የሰናይት እናት ዓይናቸውን ታክመው ስለነበር ልታስታምማቸው ሉማሜ ሄደች። አውቶቡሱ ውስጥ ከገባች በኋላ አንገቷን በመስኮት ብቅ አድርጋ የነገረችኝ ስለ እኔ እራት አልነበረም።

«ፈንድሻን አደራ! ጠዋት ጠዋት ካላንሸራሸርካት ጫማ ትበላለች። ገመዷን ደግሞ እንዳትለቅ፤ ይሰርቋታል!»

ስጋቷ ያለ ምክንያት አልነበረም። የጎረቤታችን የእትዬ ብርቄ ቡችላ በቅርቡ ከደጃቸው ጠፍቷል። እንዲህ ዓይነቶቹን በማዳበሪያ ከረጢት እየከተቱ አዲስ አበባ ወስደው ይሸጧቸዋል የሚል ወሬም ነበር። እትዬ ብርቄ ባዩኝ ቁጥር «ያንተዋ አለች?» እያሉ ስጋት ይጨምሩብኛል።

መጀመሪያ በወጣሁ ጠዋት አንድ ሰው ከኋላዬ አየሁ። ነጭ ጥምጥም ያሰሩ፣ ጋቢ የለበሱ፣ መቋሚያ የያዙ አዛውንት ናቸው። ልብ አላልኩም። በማግስቱም ከኋላዬ አሉ። ቆሜ የጫማዬን ክር ሳስር እሳቸውም ቆሙና የመብራት እንጨት ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ማንበብ ጀመሩ። ተነሥቼ ስሄድ ማስታወቂያውን ትተው ተከተሉኝ። መንገድ ቀየርኩ፤ ቀየሩ።

ሌባ ጥምጥም አያስርም ያለው ማነው? ብዬ አሰብኩ። ግን ሌባም ቢሆኑ አዛውንት ናቸውና በልቤም ቢሆን አንቱ ማለቴን አልተውኩም።

በሚቀጥለው ጠዋት ጉሙ ከመንገዱ ላይ አልተነሣም ነበር። ዞር ስል ሰውዬው ግራ ቀኝ አይተው፣ ከጋቢያቸው ውስጥ ቁራሽ ዳቦ አውጥተው መሬት ላይ ጣል ሲያደርጉ አየኋቸው። መድኃኒት ቀብተውበታል! ፈንድሻን ብድግ አድርጌ ቱታዬ ውስጥ ከተትኳትና ዚፑን እስከ አንገቴ ዘግቼ እግሬ አውጪኝ አልኩ።

«ቁም! አንተ ልጅ፣ ቁም! አትሩጥ!»

ዞሬ ሳይ ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሰብስበው፣ መቋሚያውን እንደ ጦር ይዘው ይሮጣሉ። አሯሯጣቸውስ! ከተማሪዎቼ ውስጥ እንደዚያ የሚሮጥ ባገኝ ዋንጫ በወሰድን ነበር። ፍጥነት ጨመርኩ፤ ጨመሩ።

መንገድ ዳር ቅቅል ድንች የምትሸጥ ሴት እቃዋን ስትዘረጋ አየችን። እኔ ከፊት፣ ሆዴ ላይ የሆነ ነገር እየተንፈራገጠ፤ ሽማግሌው ከኋላ፣ እየጮሁ። የሚታየውን አይታ ፈረደች።

«ሌባ! ያዙት! የየኔታን ዶሮ ይዞ ሄደ!»

በሮች ተከፈቱ። አንዱ ጥርሱን እየፋቀ ወጣ። አንድ ባጃጅ ቆሞ ሳይ ዘልዬ ገባሁና «ንዳው!» አልኩ። ሾፌሩ ገና ሞተሩን ሲያስነሣ ሰውዬው በሌላው በኩል ዘለው ገቡና አጠገቤ ዘፍ አሉ።

«ንዳው ልጄ! በእመብርሃን ንዳው!»

ሾፌሩ እኔንም እሳቸውንም አየ። «ቆይ፣ ማነው ማንን የሚያባርረው?»

ይኼኔ ከጉሙ ውስጥ ሦስት ትልልቅ የሰፈር ውሾች ብቅ አሉ። ባጃጁን ከበው ጅራታቸውን እየቆሉ ይጮሃሉ። ሾፌሩ መልስ ሳይጠብቅ ነዳው።

ትንፋሼ ሲመለስልኝ፣ «አባቴ፣ ውሻዬን ለምን ሊሰርቁኝ ፈለጉ?» አልኳቸው።

አፍጥጠው አዩኝ። «እኔ? ውሻ? ልጄ፣ እኔ ውሻ ብሰርቅ በየት በኩል ነው የምይዛት?»

ፈንድሻ ስሟ የተነሣ መስሏት ነው መሰል ከቱታዬ አንገት ላይ ጭንቅላቷን ብቅ አደረገች። የኔታ «በስመ አብ!» ብለው ወደ በሩ ተለጠፉ። «ገመዷስ? ገመዷ የታል?»

ያኔ ሁሉንም ነገሩኝ። የቅኔ መምህር ናቸው። በተማሪነታቸው ይጁቤ አካባቢ ቁራሽ ሲለምኑ አንድ ውሻ ባታቸውን ዘንጥሏቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ውሻ አጥብቀው ይፈራሉ። ጠዋት ወደ ጉባኤ ቤታቸው የሚወስደው መንገድ ደግሞ የውሻ ነው።

«ያቺ ትንሽ ስትጮህ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ወደሷ ነው የሚያይ። እኔን ልብ የሚለኝ የለም። ደግሞ ታስራለች። እግዜር የላከልኝ ጠባቂ ብዬ ተከተልኩህ።»

«ዳቦውስ?»

«ለነዚያ ነበር፤ በልተው እንዲተዉኝ። ጭራሽ ወዳጅ ሆኑ! ዛሬ ሲከተሉኝ ጠባቂዬ እግሬ አውጪኝ አለ። ምን ላድርግ? ሮጥኩ።»

ሾፌሩ ሳቅ ስለገደለው ባጃጁን ጥግ አስያዘ። እኔም ጀመረኝ። የኔታ መጀመሪያ ተኮሳተሩ፤ ከዚያ ጥምጥማቸው እስኪዘም ሳቁ። ሲወርዱ አንዲት ጣታቸውን ዘርግተው የፈንድሻን ግንባር ነካ አደረጉ። ላሰቻቸው። ጣታቸውን በእኔ ቱታ ጠረጉት።

«ይኼን ተማሪዎቼ እንዳይሰሙ። ‹ውሻ አትፍሩ› እያልኩ ነው የማስተምራቸው» አሉኝ።

የእሳቸው ተማሪዎች አልሰሙም፤ የእኔ ግን ሰሙ። ከሰዓት በፊት ትምህርት ቤቱን ያዳረሰው ወሬ ቲቸር የየኔታን ዶሮ ሰርቆ በባጃጅ አመለጠ የሚል ነበር። ዳይሬክተራችን ቢሮው ጠርቶኝ ስለ መምህርነት ክብር ረዘም አድርጎ መከረኝ። ውሻ እንጂ ዶሮ አልነበረም ብዬ ሳስረዳ ነገሩን አባባስኩት።

ዛሬም ጠዋት ጠዋት ሦስታችን እንሄዳለን። የኔታ በእኔ በኩል፣ ፈንድሻ በወዲያ በኩል። ቅኔ ይነግሩኛል፤ ግማሹ አይገባኝም፤ ግን ደስ ይለኛል። ስለ ሌባ ማሰብ ከተውኩ ቆይቷል። ያ ሁሉ ፍርሃት እንዲህ ዓይነት ወዳጅ ካመጣልኝ ደግሜ ብፈራም ግድ የለኝም።

ይህን ልጽፈው ስል ፈቃዳቸውን ጠየቅኩ። ጥቂት አሰቡና፣ «ጻፈው፤ ስሜን ተወው። ደግሞ ስንሮጥ እኔ ከፊት እንደነበርኩ አድርገህ ጻፍ» አሉኝ።

ስምዎን ትቼዋለሁ፣ የኔታ። ከፊት የነበርኩት ግን እኔ ነኝ።