ብርድ ልብሱን ያነሳሁት እኔ ነኝ

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጃገረድ ነበርኩ። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩትም። አሁን ለመጻፍ የተነሳሁት ባለፈው ፋሲካ ልጄ ያንን የድሮ የጨዋታ ዕቃ ከቁም ሳጥን ላይ አውርዶ ስላሠራው ነው።

ዕቃውን ያመጣልን አጎታችን ነበር። ምሥራቅ ጀርመን ተምሮ ሲመለስ ከአንድ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ጋር ይዞልን መጣ። ከቴሌቪዥኑ ጋር የሚገጠም ሳጥን ነው። በሽቦ የተያያዙ፣ እንደ ሬዲዮ ጣቢያ መፈለጊያ የሚዞሩ ሁለት እጀታዎች አሉት። ቴሌቪዥኑ ላይ በግራና በቀኝ ሁለት ነጭ መስመሮች ይቆማሉ፤ በመካከላቸው አንዲት ነጭ ነጥብ ትመላለሳለች። ቴኒስ መሆኑ ነው። አሥራ አምስት ነጥብ ቀድሞ የሞላ ያሸንፋል።

የዛሬ ልጆች ሲያዩት ይስቃሉ። የኔው ልጅ ራሱ “ይኼ ብቻ ነው?” ብሎኛል። አዎ፣ ይኼ ብቻ ነው። ግን የተጫወተበት ሰው ያውቀዋል። መደበቂያ የለውም፤ የደረስክባት ኳስ ትመለሳለች፣ ያልደረስክባት ታልፍሃለች። ዋናው ነገሩ ደግሞ ድምፁ ነው። ኳሷ መስመሩን ስትነካ “ጢው” ትላለች። ጎበዝ ተጫዋች በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በጆሮውም ይጫወታል። ድምፁ የሚወጣው ከራሱ ከሳጥኑ ነው፤ መቀነሻ የለውም።

ታላቅ ወንድሜ ደረጀ በዚህ ጨዋታ የሚችለው አልነበረም። እኔ ደግሞ መሸነፍ አልወድም። አባታችን ስለሞተ ቤቱ ውስጥ እኛ ሁለታችንና እናታችን ብቻ ነበርን።

በዚያ ዓመት የብሔራዊ ውትድርና ዙር ደረሰና የደረጀ ስም ወጣ። እናታችን ለቀበሌው “አሰብ ሥራ ሄዷል” አለችና ጓዳ ደበቀችው። አምስት ሳምንት ሙሉ ከጓዳ አልወጣም። የአባታችን ወዳጅ፣ የአልዩ አምባው ነጋዴ አቶ እንድሪስ፣ ቅዳሜ ለገበያ ሲመጡ ሊወስዱት ቃል ገቡልን። “ቆላ ካወረድኩት ማንም አያገኘውም፣ ኢንሻአላህ” ብለዋት ነበር እናቴን።

ጓዳ መቀመጥ ደረጀን ሊያሳብደው ደረሰ። ስለዚህ እማዬ ቴሌቪዥኑን ጓዳ አስገባችለት። ሳጥኑ ግን በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ነው የሚበራው። እማዬ ከቤት በወጣች ቁጥር “ብርድ ልብሱን እንዳታነሱ፣ ሰው ይሰማል” ሳትል አትሄድም ነበር።

ቅዳሜ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት፣ ከሰፈራችን አንድ ሽማግሌ አረፉ። ሰፈሩ በሙሉ ለቀብር ወጣ። ከእኛ ቤት እማዬ ሄደች፤ እኔ ራሴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ።

ደረጀ ሦስት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈኝ። አራተኛው ላይ አሥራ አራት ለአሥራ ሁለት እየመራኝ ነበር። ተናደድኩ።

“አሁንስ በቃኝ! ድምፁ ሳይሰማኝ እንዴት ልጫወት?” አልኩት።

“ተይ፣ እማዬ ምን አለች?”

“ሰፈሩ ውስጥ ማን አለና ነው የሚሰማን? ሁሉም ቀብር ነው።”

ብርድ ልብሱን አነሳሁት። ደረጀም ሳቀ። ከስንት ሳምንት በኋላ “ጢው፣ ጢው” ስትል ስሰማት ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ በጣም ደስ አለኝ።

የሰፈራችን ደንብ ግን ጨርሶ ከልቤ ጠፍቶ ነበር። ሰው በሞተበት ቀን በሰፈሩ ሬዲዮ አይከፈትም፣ ልጅ እንኳ አይጮህም። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የእኛ ሳጥን ብቻዋን ትጮኻለች። የእድሩ ዕቃ ቤት ደግሞ ከጓዳችን ግድግዳ ጋር የተያያዘ ነው። ለለቅሶው ድንኳን አግዳሚ አንሷቸው ሊወስዱ የተመለሱ ሰዎች ነበሩ። ከፊት የእድሩ ዳኛ አቶ ገብሬ፣ ከኋላ አግዳሚ የተሸከመ የቀበሌው አብዮት ጠባቂ።

በሩ ተበረገደ። አቶ ገብሬ በቁጣ ጓዳ ድረስ ገቡ። “ሰው ሞቶ ሙዚቃ ትከፍቻለሽ? ነውር አይደለም? እናትሽ ለቅሶ ላይ ተቀምጣ…”

ደረጀን አዩት። እጀታው በእጁ ነው። የአቶ ገብሬ ፊት ሲለወጥ አይቻለሁ። ወዲያው ዘወር አሉና በሩን በጀርባቸው ሊከልሉት ሞከሩ። “ምንም የለም፣ ምንም የለም፣ እንሂድ” አሉ። አብዮት ጠባቂው ግን አግዳሚውን አስቀምጦ ከትከሻቸው በላይ እያየ ነበር።

“ደረጀ? አሰብ ነው ያለው አላላችሁም?” አለ።

ደረጀ ለመሮጥ አልሞከረም። እጀታውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠና “አንድ ነጥብ ነበር የቀረኝ” አለኝ። ሊያስቀኝ ፈልጎ ነው።

ከሥልጠና ቦታ አንድ ደብዳቤ ላከ። ብርዱ እንደ ደብረ ብርሃን አይደለም፣ ደህና ነኝ ይላል። ስለ ብርድ ልብሱ አንድ ቃል የለበትም። ከዚያ በኋላ ወደ ሰሜን መላኩን ሰማን፤ ሌላ ነገር አልሰማንም። መንግሥት ሲለወጥ የተበተኑ ወታደሮች በደብረ ሲና በኩል በእግራቸው ሲመጡ፣ እማዬ አስፋልት ዳር ቆማ የደረጀን ፎቶ ስታሳይ ከረመች። የሚያውቀው አልተገኘም። መርዶም አልመጣም።

እማዬ “ልጄን የጠቆመብኝ ገብሬ ነው” ብላ አመነች። እሳቸው አንድ ቀን ሽማግሌ ይዘው ቤታችን መጡ። እማዬን “ዘነበች፣ እኔ የመጣሁት ለለቅሶው ክብር ብዬ ነው፤ ድምፅ ሰማሁና…” ሲሏት አላስጨረሰቻቸውም። እኔን ቀና ብለው አዩኝ። ከእኔ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ለሽማግሌዎቹ ውኃ ላምጣ ብዬ ተነሳሁ። አቶ ገብሬ ሲሞቱ እማዬ ቀብራቸው ላይ አልቆመችም። በእኛ ሰፈር ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ባለፈው ፋሲካ ልጄ ሳጥኑን አሠርቶ ቴሌቪዥን ላይ ሲገጥመው ሁለቱ መስመሮች ብቅ አሉ። “ጢው” አለች። እማዬ አሁን ዓይኗ አያይም፣ ከአልጋም አትወርድም። ከውስጥ ድምጿ መጣ።

“ደረጀ! ብርድ ልብሱን ጣል አድርጉበት እንጂ፣ ሰው ይሰማል!”

ሮጬ ብርድ ልብስ አመጣሁና ጠቀለልኩት። “እሰይ” አለች። ገብቼ ልንገራት ብዬ እስከ በሩ ሄጃለሁ። ግን ብነግራት ደረጀ አይመጣ፣ አቶ ገብሬም ከመቃብር ተነስተው አይሰሙኝ። ደግሞም ፈሪ ነኝ። ይቅር የሚለኝ ሰው ቢኖር ኖሮ እነዚያ ሁለቱ ነበሩ። እንዲህ ይዤው እንደምሞት አውቄዋለሁ።

ተመልሼ ከልጄ ጎን ተቀመጥኩና እጀታውን ያዝኩ። ትንሽ እንደተጫወትን ልጄ “ድምፁ ካልተሰማ ምን ጨዋታ ነው?” ብሎ ብርድ ልብሱን ሊያነሳ ሲል እጁን መታሁት።