የሰረዝኳቸው የልብ ምቶች

ብዙ ዓመት በነርስነት ከሠራሁ በኋላ ለአንድ ጥናት የልብ ምት መዝጋቢ ሆኜ ተመደብኩ። የመጀመሪያውን ቀን መካነ ሰላም ውስጥ በተከራየናት የቆርቆሮ ቤት ዋልኩ። አንድ አልጋ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ ደረት ላይ የሚለጠፉ ሽቦዎችና መነሣት የማይወድ ጄኔሬተር ነበረን። ጥናቱ ከዐረብ አገር የተመለሱ ሴቶችን ጭንቀት የሚመለከት ነበር።

አስተባባሪያችን ዶክተር ነው፣ ቁጥብ ሰው። ሥራውን በአንድ ጠዋት አስተማረኝ።

«ጤነኛ ልብ እንደ ሰዓት እኩል አይመታም» አለኝ። «ትንፋሽ ሲገባ ይፈጥናል፣ ሲወጣ ይዘገያል። ጭንቀት ያንን መለዋወጥ ይቀንሰዋል፤ የምንለካው እሱን ነው። ያለጊዜው የመጣ አንድ ምት ግን ስሌቱን ያበላሸዋል።»

ስለዚህ ያንን ምት ሰርዘን በግራና በቀኙ ባሉት ምቶች አማካይ ቦታውን እንሞላለን። ከመሰረዝ በፊት ስክሪኑ ላይ የሚሳለውን ሞገድ አይቶ ምቱ የልብ ይሁን የሰውነት እንቅስቃሴ መለየት ግድ ነው። የልብ ሆኖ ከበዛ ለዶክተሩ መንገር አለብኝ። ሥራው ሁሉ በቅጂ ላይ ነው፤ ዋናው መዝገብ አይነካም። ይህን ሁሉ በደብተሬ ጻፍኩ።

እየዋለ እያደረ እጄ ፈጠነ። ዶክተሩ መዝገቤ እንደታጠበ ነጠላ ንጹሕ ነው አለኝ። በመሥሪያ ቤታችን የአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይም «ሞዴል ሠራተኛ» ተባልኩ። ደስ አለኝ፤ ሞኝ ነበርኩ።

ሰዓዳ የመጣችው በገበያ ቀን ነው፣ ከከላላ፣ ከእናቷ ከእማማ ዘሀራ ጋር። ከጅዳ ከተመለሰች ወራት አልፈዋል፤ እንደገና ልትሄድ ተዘጋጅታለች። አልጋው ላይ ስትጋደም የጸሎት መቁጠሪያ በእጇ ይዛ ነበር፤ አውራ ጣቷ ይንቀሳቀሳል። ስክሪኑ ላይ ምቱ ይዘላል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይዘላል።

«እጅሽን አታንቀሳቅሺ» አልኳት።

«እሺ ሐኪም። ልቤ ግን አንዳንዴ ትረግጠኛለች፣ ከዚያ ቀጥ ትላለች።»

«ጭንቀት ነው» አልኳት።

ተራ የሚጠብቁ ሴቶች ደጁን ሞልተውታል። ሞገዱን አላየሁም፤ የመቁጠሪያው ነገር ነው ብዬ ደመደምኩ። የዘለሉትን ሰረዝኩ፣ ሞላሁ፣ ቅጂ ማውጣት ሰልችቶኝ በዋናው መዝገብ ላይ ደርቤ አስቀመጥኩት። መስመሩ አማረ።

እማማ ዘሀራ በር ላይ ያዙኝ። «ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። ልቧ ደህና ናት? ደህና ካልሆነች አልሰዳትም፤ ያገኘነውን ቀምሰን እንኖራለን።»

ያስተካከልኩትን መስመር አሳየኋቸው። «ይኸው፣ ደህና ናት።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ።

ሰዓዳ ሄደች። ዓመት ሳይሞላ እማማ ዘሀራ በበቅሎ መጡ፣ ብቻቸውን።

«በተኛችበት ቀረች አሉን። እዚያው ቀበሯት» አሉኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ያ መቁጠሪያ እጃቸው ላይ ነው፤ ለካ የእሳቸው ኖሯል። «ያን ቀን የለካኸውን አውጣልኝ። ልቧን ልየው።»

ላፕቶፑን ከፈትኩ። ያለው እኔ የሠራሁት ብቻ ነው። የሞላኋቸው ምቶች ከእሷ ምቶች አይለዩም። የዘለለው ልቧ ይሁን ጣቷ፣ ዛሬም አላውቅም።

ምንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

«ታዲያ ያን ቀን ያሳየኸኝ የማን ልብ ነው?» አሉኝ።

ተነሥተው ወደ ደጅ ወጡ። በቅሏቸው ላይ ሲወጡ ልደግፋቸው ብል እጄን ገፉት።

ለዶክተሩ ተናገርኩ፤ መዝገቧ ከጥናቱ ወጣ። እኔም ወደ ነርስነቴ ተመልሼ እስከ ጡረታዬ ሠራሁ።

ለጀማሪዎች የምነግራቸው ይህንኑ ነው። የተስተካከለ መዝገብ ለስሌት ነው። ሰው ስለ ልቡ ሲጠይቃችሁ ያልተነካውን መዝገብ አይታችሁ መልሱ። እሱ ከሌላችሁ፣ አላውቅም በሉ።