አንድ ጥያቄ በሁለት ቤት፦ ከደሴ እስከ መካነ ሰላም

ሰኞ፣ ንጋት፣ ደሴ

ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም የመንገዱን መብራቶች አፍኗቸዋል። ሾፌራችን ጋሽ ይመር የላንድክሩዘሩን ጎማ አንድ በአንድ በእግራቸው እየመቱ ይፈትሻሉ። ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበዋል።

«ማታ ደውዬ ነበር፣ እህቴ» አሉኝ። «እስከ መካነ ሰላም መንገዱ ክፍት ነው ብለውኛል። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላህ ያውቃል።» ቢስሚላህ ብለው ሞተሩን አስነሱ።

ለምን እንደምሄድ አስቀድሜ ልናገር። ጀርባቸው ላይ ክፍተት ይዘው ስለሚወለዱ ሕፃናት ጥናት እያካሄድን ነው። መንገዱ ቀላል ይመስላል። እንዲህ ያለ ልጅ የወለዱ እናቶችን እንጠይቃለን፤ በዚያው ቀበሌ፣ በዚያው ሰሞን ጤነኛ ልጅ የወለዱትንም እንጠይቃለን፤ ከዚያ መልሱን እናስተያያለን። ለሁለቱም ከምናቀርባቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ እርግዝናው ገና ለጋ ሳለ የአረም መድኃኒት አጠገባቸው ተረጭቶ እንደሆነ ይጠይቃል። መካነ ሰላም ካለችበት ከቦረና ወረዳ የመጣው የመጀመሪያ መልስ ሁላችንንም አስደነገጠን። የታመመ ልጅ ያላቸው እናቶች አብዛኞቹ «አዎ» ብለዋል። የሌሎቹ መልስ ግን «ኧረ ምንም» ነው።

ቢሮ ውስጥ ደስታ ሆነ። «አገኘነው» ያሉ ነበሩ። እኔ ግን ውጤቱ ከሚገባው በላይ አማረብኝ። አሥር ዓመት በዚህ ሥራ ስቆይ እንዲህ ጥርት ብሎ የመጣ መልስ አላየሁም። ጥያቄዎቹን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ፣ እንዴት እየተጠየቁ እንደሆነ በዓይኔ ልይ ብዬ ተነሳሁ።

ረፋድ፣ ጉጉፍቱ

ብርዱ አጥንት ይገባል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ጓሳ ሣር፣ አልፎ አልፎም ብቻውን የቆመ የጅብራ ተክል። ገብሱ ገና አረንጓዴ ነው። በጉ ሁሉ ፀጉሩ ረዝሞ፣ ጤዛው ላዩ ላይ ያብረቀርቃል። አንዲት ሻይ ቤት ገብተን ትኩስ አንባሻ በሻይ በላን። ባለቤቷ እጇን በብርጭቆው እያሞቀች «ዝናቡ ዘንድሮ አልከዳንም፣ ብርዱ ግን ጨከነብን» አለች።

ከዚህ በኋላ መንገዱ አቧራና ድንጋይ ነው። አቀስታ የደረስነው ለምሳ ሲሆን፣ ገብስ የጫነ አይሱዙ መንገዱን ዘግቶ ሰዉ እየተጋፋ ይገፋዋል። ከተማዋ ዳር አዳዲስ ቆርቆሮ ቤቶች ተደርድረዋል፤ መስኮታቸው ባለ ቀለም መስታወት ነው። ጋሽ ይመር በአገጫቸው እያመለከቱ «ይህ የጅዳ፣ ያ የሪያድ፣ ያኛው የኩዌት» አሉኝ። ልጆቹ የሚሠሩበትን አገር መጥራታቸው ነው።

ምሽት፣ መካነ ሰላም

የገበያው ሰው ተበትኖ፣ የሚኒባስ ረዳቶች የመጨረሻውን ተሳፋሪ ይጣራሉ። ትዕግስት ማረፊያችን በር ላይ ትጠብቀኛለች። የዚሁ አገር ልጅ ናት፤ ነርስ ናት፤ በዚህ ወረዳ ቃለ መጠይቁን የምታደርገው እሷ ናት። ሰው ስታናግር እጁን ይዛ ነው። እናቶቹ እንደሚወዷት ሰምቻለሁ።

እራት ላይ ውጤቱ ለምን እንዳሳሰበኝ ነገርኳት። ፊቷ ተለወጠ።

«ዋሽቻለሁ ነው የሚሉኝ?»

«አንቺም አልዋሸሽም፣ እነሱም አልዋሹም» አልኳት። «ነገ አብሬሽ ልቀመጥ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ማክሰኞ፣ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ

መኪናውን ትተን ዳገቱን በእግራችን ወጣን። ከበላያችን የደንቆሮ ጫካ ጠቁሮ ይታያል። መጀመሪያ የገባነው ዘይነባ ቤት ነው። ዘይነባ ቀጭን፣ ዓይኗ የሚናገር ወጣት ናት። ባሏ ሳዑዲ ነው። ልጇ ኑርዬ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። የጀርባው ክፍተት ደሴ ላይ በቀዶ ሕክምና ተዘግቶለታል፤ እግሮቹ ግን አይታዘዙትም። መሬት በተነጠፈ ዝተት ላይ ተቀምጦ የትዕግስትን ቁልፍ ያንቀጫቅጫል፤ በድምፁም ይስቃል።

አማቷ ወይዘሮ ከድጃ ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል።

ትዕግስት የዘይነባን እጅ ያዘች። «አብሽሪ እህቴ። ያኔ፣ ገና ሳይታወቅሽ፣ የአረም መድኃኒት የተረጨበት ቦታ ነበርሽ? አስቢ እስቲ። ነሐሴ አልነበረም?»

ዘይነባ አላመነታችም። አራጋው የሚባለው ጎረቤታቸው ስንዴውን ሲረጭ በማሳው ጠርዝ አልፋለች፤ ነፋሱ ወደ እሷ ነበር፤ ሻሿን አፍንጫዋ ላይ አድርጋለች። በዚያው ሳምንት ራሷን አሟት ኪኒን ውጣለች። ምንጭ ስትወርድ አንሸራቷት ወድቃለች። የሠርግ ቤት ሥጋ በልታለች፤ ሥጋው ያደረ ነበር። አንዱን ስትጨርስ ትዕግስት «ሌላስ?» ትላለች፤ ዘይነባም ሌላ ታወጣለች። ሁሉንም ብዙ ጊዜ ስታገላብጠው እንደኖረች ድምፗ ይናገራል። ይህን ሁሉ ስትፈልግ የኖረችው ለእኛ ብላ አልነበረም፤ ልጇን ባየች ቁጥር ነው የምትፈልገው።

«መውጣቱ ምን አስፈለገሽ ያኔ?» አሉ ወይዘሮ ከድጃ ከጥግ። ዘይነባ አንገቷን ደፍታ አለቀሰች።

ከዚያ አጥሩን ዞረን ፋጡማ ቤት ገባን። ፋጡማ የአራጋው ሚስት ናት፤ የእሷ ልጅ የኑርዬ እኩያ ነው፤ ዶሮ እያባረረ ደጁን ይዞራል። ፋጡማ ስንዴ ታበጥራለች፤ እጇንም አላቆመችም። ትዕግስት ያንኑ ጥያቄ ጠየቀች፤ ግን ቆማ፣ ቶሎ ቶሎ።

«ኧረ ምንም! አልሀምዱሊላህ፣ ምን ሆኜ?» አለች ፋጡማ። ትዕግስት ወደሚቀጥለው አለፈች። ሁሉም ነገር ሻይ ፈልቶ ሳይቀርብ አለቀ።

ልንወጣ ስንል ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ የመርጫ ፓምፕ አየሁ። «ይሄ የማን ነው?» አልኩ፤ ለወግ ያህል።

«የአራጋው ነዋ። እሱ ይረጫል፤ ውሃ የምቀዳለትም፣ የምበጠብጥለትም እኔ ነኝ።»

«ይሄኛውን ልጅ ስታረግዢም?»

እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። ደጅ ወደሚሮጠው ልጇ ተመለከተች። «ያኔም» አለች ቀስ ብላ። «ወላሂ፣ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።»

ትዕግስት ቁልቁለቱ ላይ ድንጋይ ፈልጋ ተቀመጠች። «ዘይነባ ስታለቅስ ዝም ብዬ ልነሳ ነበር?» አለችኝ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ርኅራኄዋ ጥፋት አልነበረም። ግን አንዷን እጇን ይዘን ጓዳዋን ሁሉ አስበረበርናት፤ ሌላዋን በር ላይ ጠይቀን ሄድን። ልጇ ደህና የሆነች እናት የምታገላብጠው ምን አላት? የዚያን ዓመት ክረምት እንደማንኛውም ክረምት ረስታዋለች። ልዩነቱ በመድኃኒቱ ይሁን በማስታወሱ፣ ከያዝነው መልስ ማንም ሊለየው አይችልም።

ጋሽ ይመር መኪናው ጋ ሲጠብቁን አጠገባቸው ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ ሽማግሌ ቆመዋል። ሼህ እንድሪስ ይባላሉ፤ የመንደሩ ቅሬ፣ የቀብርና የመረዳጃ ማኅበሩ፣ ዳኛ ናቸው።

«መርሀባ ዶክተር» አሉኝ። «ነገ ሽምግልና አለብን። የኑርዬ አባት ከሳዑዲ ደውሎ፣ አራጋው ልጄን በመርዝ አበላሽቶብኛልና ከቅሬው ይውጣልኝ ብሏል። መንግሥት መርዙ መሆኑን ደርሶበታል ተብሎም ተወርቷል። እርስዎ ይምጡና ይመስክሩ።»

ዶክተር አይደለሁም አልኳቸው። ለመምጣት ግን እሺ አልኩ። እዚያ አገር ከቅሬ መውጣት ማለት፣ ቤትህ ሰው ቢሞት የሚቀብርልህ የለም ማለት ነው። ወሬውን ያመጣነው እኛ ነን። ትዕግስት ደጋግማ ስለ አረም መድኃኒት ስትጠይቅ፣ መንደሩ ጥያቄውን መልስ አድርጎ ወሰደው።

ረቡዕ፣ ከሼህ እንድሪስ ግቢ

በድንጋይ ካቡ ጥላ ሥር ሰዉ ተቀምጧል፤ ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላው። ዱዓ ተደረገ። አራጋው እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬቱን ያያል።

ሼህ እንድሪስ ወደ እኔ ዞሩ። ተነሳሁ።

«መርዙ ነው የሚል ነገር አላገኘንም» አልኩ። «አይደለም የሚልም አላገኘንም። አጠያየቃችን ልክ አልነበረም። የታመመ ልጅ ያላትን እናት ደጋግመን ጠየቅናት፤ ሌላዋን አንዴ ብቻ። ጥያቄውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ጉድለቱም የእኔ ነው። በእኛ ጥያቄ ተነስታችሁ ሰው እንዳታወጡ እለምናችኋለሁ።»

ማጉረምረም ተነሳ። «እንግዲያ ለምን መጣችሁ?» ያለ ሰው ነበር። ፋጡማ የነገረችኝን እያወቅሁ መናገር አልቻልኩም፤ ያመነችኝን ነገር አደባባይ አላወጣም። ተቀመጥኩ። ሽንፈት ነው የተሰማኝ።

ያኔ ፋጡማ ከሴቶቹ መሐል ብድግ አለች።

«ውሃውን የቀዳሁት እኔ ነኝ። መድኃኒቱንም የበጠበጥኩት በዚህ እጄ ነው» አለች። «ያኔ እኔም ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ዘይነባ በማሳው ዳር አለፈች፤ እኔ ግን እላዩ ላይ ነበርኩ። የእኔ ልጅ ይሮጣል። ለእንግዶቹ ምንም ብዬ የመለስኩት ለመደበቅ አይደለም፤ ትዝ ስላላለኝ ነው።»

አራጋው ሚስቱን ቀና ብሎ አያት።

«ስለዚህ መድኃኒቱ አይጎዳም እንዳትሉ» አልኩ ቶሎ ብዬ። «መርዝ መርዝ ነው፤ ነፍሰ ጡር ሴት ከአጠገቡ አትድረስ። የኑርዬን እግር ያሰረው እሱ ነው ለማለት ግን የሚያበቃን ነገር የለም።»

ዘይነባ ከተቀመጠችበት ተናገረች። «ታዲያ እኔ ነኝ?»

ያን ድምፅ አልረሳውም። ጎረቤቷን ከወቀሳ ሳወጣ፣ ወቀሳው ተመልሶ ወደ እሷ እንደሚሄድ አላሰብኩትም ነበር።

አጠገቧ ሄጄ ተንበረከክኩ። «አይደለሽም» አልኳት፤ ሁሉም እንዲሰማም ድምፄን ከፍ አደረግሁ። «ወደ ምንጭ መውረድ፣ ለራስ ምታት ኪኒን መዋጥ፣ ሠርግ ቤት መብላት፣ ይህን ሁሉ እዚህ ያሉት እናቶች በሙሉ አድርገውታል። ከእነሱ የሚለይሽ፣ አንቺ ማስታወስሽ ነው። ወደፊት ለማርገዝ ስታስቢ አስቀድመሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ፎሊክ አሲድ የሚባል ኪኒን ይሰጡሻል። እሱ እንደሚረዳ በእርግጥ ይታወቃል። ያለፈውን ግን ማንም በአንቺ ላይ ሊያነሳ አይችልም።»

ሼህ እንድሪስ መቁጠሪያቸውን አሽከረከሩ። «አራጋው ከቅሬው አይወጣም» አሉ። ቀጥለው ወደ ወይዘሮ ከድጃ ዞሩ። «አንቺም ከድጃ፣ ልጅቷን ስለዚህ ነገር ከዛሬ በኋላ እንዳትናገሪያት። ለልጅሽም እኔው እደውልለታለሁ።» ወይዘሮ ከድጃ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ከዘይነባ ጋር መታረቃቸውን እንጃ። ሲወጡ ግን ኑርዬን ያዘሉት እሳቸው ነበሩ።

ከሰዓት ከትዕግስት ጋር አዲስ መንገድ ቀየስን። የተሰበሰበውን መልስ ለማንም አናወጣም፤ እንደገና እንጀምራለን። ሁሉም እናቶች በአንድ ዓይነት ፍጥነት፣ ተቀምጠው ይጠየቃሉ፤ ስለ አረም መድኃኒት ብቻ ነጥለን አንጠይቅም፤ ከመዝራት እስከ አጨዳ እያንዳንዱን ሥራ በየወሩ እናስቆጥራለን፤ ያን ጊዜ ፓምፑም በተራው ይመጣል። የጃማ ወረዳ ጠያቂዎች ከደጎሎ ወደዚህ ይመጣሉ፤ ትዕግስት ወደዚያ ትሄዳለች። የማን ልጅ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ይጠይቅ፤ ልጆቹም እስኪያልቅ ጎረቤት ይቆዩ።

«ስታለቅስስ?» አለች ትዕግስት።

«ጥያቄው ሲያልቅ እጇን ያዢ። የሁሉንም ያዢ።»

ሐሙስ፣ ወደ ደሴ

ዘይነባና ኑርዬ አብረውን ናቸው። የኑርዬ ጭንቅላት ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከልክ በላይ እየተለቀ ነው፤ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ፋጡማ ቆሎ ቋጥራ መኪናው ድረስ አምጥታለች። «ስትገቢ ደውይልኝ» አለቻት ዘይነባን።

አቀስታን አለፍን። ጉጉፍቱ ላይ ጉም ጋረደን፤ ጋሽ ይመር መብራት አብርተው እየዳበሱ ነዱ። ኑርዬ እናቱ ጭን ላይ አንቀላፍቷል።

«እርስዎስ ወልደዋል?» አለችኝ ዘይነባ።

«አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ።»

«ጤነኛ ናት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጤነኛ ናት።»

«እሷን ሲያረግዙ፣ ገና በመጀመሪያው፣ ምን ምን ያደርጉ ነበር?»

ለመመለስ አፌን ከፈትኩ። የት እንኖር እንደነበር አውቃለሁ። ቤቱ ቀለም የተቀባው ያኔ ነበር ወይስ ከዚያ በኋላ? ጉንፋን ይዞኝ ነበር? ኪኒን ውጬ ነበር? ምን በላሁ? በዚያ ክረምት ዝናብ ደብድቦኝ ያውቃል? ፈለግሁ፤ ፈለግሁ። በእጄ የገባ አንድም ነገር የለም።

«ምንም ትዝ አይለኝም» አልኳት።

ዘይነባ አየት አደረገችኝ። ፊቷ ላይ ቅያሜ አልነበረም። የኑርዬን ራስ ቀና አድርጋ ክንዷ ላይ አስተካከለችው።

«ታድለዋል» አለችኝ።

ጉሙ ሲገለጥ ደሴ ከሥራችን ተዘርግታ ታየች።