በፒያኖዬ ላይ የመጣች ጣውንት

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥር፣ ሰርግ በሰርግ ላይ በተደራረበበት ሰሞን ነው። ከሁለት ሰዎች በቀር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ቅናት ሲነሳ ሰው ሁሉ የጎረቤቱን ነው የሚያወራው፤ እኔ የራሴን ላውራ ብዬ ነው ዛሬ የጻፍኩት። ከሆዴ ሊወጣልኝ አልቻለም።

ስሜ ጽጌ ነው። ኮተቤ አካባቢ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ሙዚቃ አስተምራለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ከአንድ የሰርግ ባንድ ጋር ፒያኖ እጫወታለሁ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። በባንዱ ውስጥ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ኖታ በደንብ የማነበውም እኔ ብቻ ነበርኩ። እነዚህን ሁለት ነገሮች ማንም ሳይጠይቀኝ እናገር ነበር።

የምጫወተው ስቴጅ ፒያኖ ነው። ቁልፎቹ እንደ እውነተኛው ፒያኖ ከበድ ይላሉ፣ ድምፁም የጠራ ነው። ግን ፒያኖ ያው ፒያኖ ነው፤ ማሲንቆ ልሁን ቢል አይሆንለትም። እንግዳው በልቶ ጠጥቶ እስክስታ ሲያምረው እኔ በጠራ ድምፄ እዚያው ተቀምጬ እቀራለሁ።

የባንዱ መሪ ጋሽ ደረሰ ይህን ካየ ቆይቷል። መስቀል ሰሞን ጠራኝና "ጽጌ፣ ሁለተኛ ኪቦርድ ግዢ። ከፒያኖሽ በላይ የሚቀመጥ፣ ማሲንቆና ዋሽንት የሚያወጣልን። ሰው ሰርግ የሚመጣው ሊጨፍር እንጂ ሊያንቀላፋ አይደለም" አለኝ።

ቅር አለኝ። ቢሆንም እሺ ብዬ መገናኛ እየወረድኩ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። ኪቦርድ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የምሞክረው የፒያኖውን ድምፅ ነበር። ቁልፉን እጫናለሁ፣ ቀለል ይልብኛል፣ ድምፁም የቆርቆሮ ይመስለኛል። "ይኼማ የኔን አያህልም" ብዬ እመለሳለሁ። እንዲህ ስል የገና በዓል አለፈ።

ጥር ሲገባ ጋሽ ደረሰ ትዕግሥቱ አለቀ። አያት ሰፈር ለነበረን ሰርግ አንዲት ልጅ ይዞ መጣ። "እስክትገዢ ድረስ ሀዊ ታግዝሽ" አለኝ። ልጅቷ ያረጀ ኪቦርዷን በጀርባዋ አዝላ፣ ከፒያኖዬ በላይ ባለው ማስቀመጫ ላይ ዘርግታ ከጎኔ ቆመች። ባሌ ማታ ስነግረው "እንግዲህ ፒያኖሽ ጣውንት መጣችበት በይኛ" ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ሀዊ ሃያ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ከእንጦጦ ግርጌ ተወልዳ ያደገች ናት። አባቷ ድሮ ገበሬ ነበሩ፤ አሁን አንድ ፋብሪካ በር ላይ ጥበቃ ናቸው። ትምህርት ቤት ገብታ ሙዚቃ አልተማረችም፤ ያገኘችውን ሁሉ በጆሮዋ ነው የለቀመችው። ዘፈኑን በሙሉ የምትጫወተው አንድ የለመደችው የእጅ ቦታ ላይ ነው። ዘፋኙ ቶኑን ከፍ ሲያደርግ ትራንስፖዝ የሚባለውን ቁልፍ ሁለቴ ሦስቴ ትጫናለች፤ ማሽኑ ራሱ ከፍ ያደርግላታል። እኛ በተማርንበት የሙዚቃ ትምህርት ቤት ይህን ቁልፍ የሚነካ ይሳቅበት ነበር። እኔም በሆዴ ሳቅኩባት።

ሳቄ ብዙ አልቆየም። ምሳ ላይ ማሲንቆውን ጀመረችው። ቀኝ እጇ ቁልፎቹ ላይ ይሮጣል፤ ግራ እጇ ድምፅ የሚያጣምመውን ጎማ ይዞ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ያ አሮጌ ማሽን እንደ ሰው አለቀሰ። ቁርጥ ላይ የነበሩ ሴቶች እጃቸውን ሳይታጠቡ ተነሡ። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ።

ዘፋኛችን ለመግባት ሲል ሁልጊዜ እኔን ነበር የሚያየው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በእኔ ዓይን ነው የገባው። ያን ቀን አንገቱን ወደ ሀዊ አዞረ። ሲዞር አየሁት።

ሲያልቅ የሙሽራዋ እናት መጥተው ሀዊን አገላብጠው ሳሟት። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው "አንቺም በርቺ" አሉኝ።

በዚያ ላይ ልጅቷ ትሑት ናት። ዕቃዬን ታነሣልኛለች፣ "ቲቸር፣ ይቀመጡ" ትለኛለች። ክፉ ብትሆን ጥላቻዬ ምክንያት ያገኝ ነበር። እርስዎ ባለችኝ ቁጥር ዕድሜዬን የምትቆጥርብኝ ይመስለኝ ጀመር።

ሦስተኛው ሰርግ እንጦጦ ነበር፣ ወደ ራጉኤል በሚወስደው መንገድ ካሉት አዳራሾች በአንዱ። ሙሽሮቹ ጫካው ውስጥ ፎቶ ሲነሡ ቆዩብን። ጋሽ ደረሰ ለመግቢያው ዘፈን ቶኑን ነግሮን ጨርሷል። ሀዊም የኪቦርዷን ትራንስፖዝ ሦስት ላይ አስተካክላ እየጠበቀች ነው።

በዚህ መሀል አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት በአዳራሹ በር ብቅ አሉ። የሀዊ እናት ናቸው። ቤታቸው ቅርብ ስለሆነ ልጃቸው ስትጫወት ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያዩ መጡ። ሀዊ ሮጣ ወጣችና አቀፈቻቸው። በኦሮምኛ ሲሳሳቁ ይሰማኛል።

እኔ ከኪቦርዷ ፊት ብቻዬን ቀረሁ። አስቤበት ነው ብል ይቀለኝ ነበር፤ ግን አላሰብኩም። ጣቴ ሄደና ያንን ስንስቅበት የኖርነውን ቁልፍ አንዴ ተጫነው። ሦስት የነበረው አራት ሆነ። ስክሪኑ ቁጥሩን ለአፍታ አሳይቶ ወደ ነበረበት ተመለሰ።

ወዲያው "መጡ፣ መጡ" ተባለ። ሀዊ እያለከለከች ደርሳ እጇን አስቀመጠች። ከበሮው ቆጠረልን፤ ሁላችንም እኩል ገባን። ማሲንቆው ከሁላችንም በግማሽ ድምፅ ከፍ ብሎ ወጣ።

ሙዚቃ የማያውቅ ሰው እንኳ እንዲህ ያለው ነገር ጥርሱን ያጠርሰዋል። ሙሽራዋ በሩ ላይ ቆም አለች። ሀዊ ደንግጣ እጇን አነሣች፤ አንድ ቁልፍ ዝቅ ብላ ልትይዘው ሞከረች። ግን የለመደችው የእጅ ቦታ አይደለምና ጣቶቿ ጠፉባት፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ባሰ። ጋሽ ደረሰ ሚክሰሩ ላይ ድምፅዋን ዘጋው። እሷም ማሽኑን አጠፋችው። ሙሽሮቹ በእኔ ፒያኖ ገቡ።

እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። ዘፋኙ እንደገና እኔን አየ፣ እኔም በግርማ መታሁለት። ደስታዬ የቆየው ቀና ብዬ በሩን እስካይ ድረስ ነው። እናትዮዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። ከዚያ ማንንም ሳይሰናበቱ ዞረው ወጡ።

ሲያልቅ ጋሽ ደረሰ "ሦስት ነው ያልኩሽ፤ አራት አድርገሽ ጉድ ሠራሽን" አላት።

"ጋሼ፣ እኔ ሦስት ነው ያደረግኩት" አለች።

ማሽኑን ከፍታ ልታሳየው ፈለገች። ግን አንዴ ከጠፋ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ የምታሳየው ነገር አልነበራትም። እኔን አየችኝ፣ እንድመሰክርላት ይመስለኛል። ኬብሌን መጠቅለል ያዝኩ።

ከዚያ በኋላ አልተጠራችም። ሁለት ወር አለፈ። ፋሲካ ሲቃረብ ጋሽ ደረሰ "ወይ ግዢ፣ ወይ ሌላ ሰው ልፈልግ" አለኝና እንደገና መገናኛ ወረድኩ። አንድ ፎቅ ላይ ባለ የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ ስገባ፣ ከባንኮኒው ጀርባ የቆመችው ሀዊ ነበረች።

ልመለስ ስል አየችኝ። "ቲቸር" ብላ እየሳቀች መጣች። ሱቁ ውስጥ ተቀጥራ ለደንበኛ ዕቃ እንደምታሳይ ነገረችኝ። "መጫወቱንስ?" አልኳት። "ትቼዋለሁ፤ አሁን ለገዢ ብቻ ነው የምነካው" አለችኝና ወሬ ቀየረች። "ምን ልርዳዎት?"

እንደ ልማዴ ከባድ ቁልፍ ያለውን አንዱን አመለከትኩና የፒያኖ ድምፁን ልሞክር ስል እጄን ያዘችኝ።

"ፒያኖ አለዎት እኮ። ሌላ ፒያኖ ምን ያደርግልዎታል? የሌለዎትን ነው የሚገዙት።"

እንዲህ ያለ ቀላል ነገር ስድስት ወር ሙሉ አልታየኝም ነበር።

ከሰዓቱን በሙሉ ከእኔ ጋር ዋለች። ቁልፉ ቀላል ይሁን አለችኝ፤ ከባድ ቁልፍ ላይ የማሲንቆ ጌጥ አይሮጥም። ጎማው በስተግራ ይሁን፣ ሲለቁት ቶሎ የሚመለስ። እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻው ዝቅ ከፍ ማድረግ የሚቻልበት ይሁን፤ ያለዚያ የአንቺሆዬ ቅኝት ከፈረንጅ ቁልፍ ጋር አይስማማም። ከፒያኖዬ በላይ ስለሚቀመጥ አጭርና የማይከብድ ይሁን። የፒያኖዬን ቁመት በክንዷ ለክታ፣ ትከሻዬን እንዳያመኝ ማስቀመጫው ምን ያህል ከፍ ማለት እንዳለበት ቆማ አሳየችኝ። ሁለት ሞክረን ትተን በሦስተኛው ተስማማን።

ዕቃው ሲታሸግ ከቦርሳዋ ፍላሽ አወጣች። "ማሲንቆዬ ነው። ሁለት ዓመት የሠራሁበት ድምፅ ነው፤ ይጫኑት" አለችኝ። በእኛ ሙያ ውስጥ ያለ ሰው ይህን ያውቃል፤ የራሱን ድምፅ ለወንድሙ እንኳ የሚሰጥ የለም። እኔም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም።

"አንድ ነገር ግን አደራ" አለችኝ። "ከመጀመርዎ በፊት ትራንስፖዙን ይዩ። እኔን እንጦጦ ላይ ያዋረደኝ እሱ ነው።"

ኪቦርዱን ይዤ ቤት ገባሁ። ፍላሹን ጫንኩት። ድምፁ ያው የሷ ነው። ግን እጄ አልሄድ አለኝ። ባሌ "ምነው፣ አልወደድሽውም?" ሲለኝ ማሽኑን አጥፍቼ ተነሣሁ። እንቅልፍም ምግብም እንቢ አሉኝ፤ ሳምንት እንዲህ ሰነበትኩ።

በሳምንቱ ወደ ሱቁ ተመለስኩ። አቧራ እየጠረገች ነበር። ቁጭ ብዬ ለመናገር አልሆነልኝም፤ ቆሜ "ሀዊ፣ ያን ቀን ቁጥሩን የነካሁት እኔ ነኝ" አልኳት።

"የቱን ቁጥር?"

"እንጦጦ። ከናትሽ ጋር ስታወሪ።"

ጨርቁን አስቀመጠች።

"ለምን?"

"ቀንቼብሽ።"

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። "እኔ እኮ ራሴን ነው የጠረጠርኩት" አለች። "ሦስት እንዳደረግኩት አውቃለሁ። ካላደረግኩ ግን ጆሮዬም ጭንቅላቴም ዋሽተውኛል ማለት ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ከጆሮዬ ሌላ ምን አለኝ? እናቴ፣ ልጄ ካልሆነልሽ ተይው አለችኝ። ተውኩት።"

ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት።

"ለኔ መንገርሽ ምን ያደርግልኛል? ለጋሽ ደረሰ ንገሪው" አለችኝ። ያን ጊዜ ከእርስዎ ወደ አንቺ ወረድኩ። አልተከፋሁም።

ለጋሽ ደረሰ በማግስቱ ነገርኩት። ሰምቶ ጨረሰ። "ያችን ልጅ ሰው ፊት ተናግሬያታለሁ" አለ። ቀጥሎ እንዲህ አለኝ፦ "ለሌሎቹ አልናገርም። አንቺው ደውለሽ ጥሪያት። አንቺ ባለሽበት እጫወታለሁ ካለች ትቆያለሽ። አልጫወትም ካለች አንቺ ትወጫለሽ።"

አሥራ አንድ ዓመቴ በልጅቷ እጅ ገባ። ደወልኩ፣ አላነሣችም። ጽፌ ላክሁላት። ሦስት ቀን ስልኬን እንደ ታመመ ሕፃን ከጎኔ አስተኛሁት። በአራተኛው ቀን መልስ መጣ፤ "እሁድ ስንት ሰዓት ነው?" ይላል። ሌላ ቃል የለውም።

አሁን አብረን እንጫወታለን። እሷ በአሮጌ ኪቦርዷ ከላይ፣ እኔ በፒያኖዬ ከታች። የገዛሁትን ኪቦርድ ትምህርት ቤት ወስጄው ተማሪዎቼ ይለማመዱበታል። እናቷ አንድ ሰርግ ላይ መጥተው እስከ መጨረሻው ቆመው አዩዋት።

ቅናቱ ለቀቀሽ ወይ ብትሉኝ፣ አልለቀቀኝም። ዘፋኙ አንገቱን ወደ እሷ ሲያዞር አሁንም እቀናለሁ። ግን እጄ ከራሴ ቁልፍ አይወጣም፤ በዚህ እምላለሁ።

ሀዊ አታኮርፈኝም። ሰላም ትለኛለች፣ ሥራ ላይ እንግባባለን፣ ዕቃዬን ማንሣቱን ግን ትታለች። ለኪቦርዷ ዚፕ ያለው ሽፋን አሰፍታ ትንሽ ጓጉንቸር አድርጋበታለች። ለምሳ ስንነሣ፣ ለአምስት ደቂቃ እንኳ ብትወጣ፣ ዚፑን ስባ ትቆልፈውና መክፈቻውን ይዛው ትሄዳለች። የባንዱ ልጆች "ምን ወርቅ ደብቀሽ ነው?" እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም አብራ ትስቃለች፣ አቧራ ፈርቼ ነው ትላቸዋለች። እኔን አታይም። እኔ ግን ሽፋኑ በማን ምክንያት እንደተሰፋ አውቃለሁና፣ ዚፑ ሲዘጋ በሰማሁ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ።