የወረቀቷ ግመል እና የኔ ዓይን

ዛሬ ሸዋሮቢት ላይ አንዲት የወረቀት ግመል አዋረደችኝ።

የልጆች መጽሐፋችን ምርቃት ነበር። ተረቱን የጻፍኩት እኔ፣ ሥዕሉን የሳለው ጓደኛዬ ጀማል ነው። ልጆቹ መጽሐፉ ላይ የሳላትን ግመል ከበው ሲንጫጩ አንዷ ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ እርስዎስ ምኑን ነው የሳሉት?»

«እኔ ጽሑፉን ነው የጻፍኩት።»

«እንዴ! ጽሑፍም አለው?»

(ክረምቱን ሙሉ ነው የጻፍኩት። ለታሪክ ይመዝገብልኝ።)

ግመሏ ላይ አፍጥጬ ስቀር የጀማል አባት፣ የጀውሃው ግመል ነጋዴ፣ አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ማሻአላህ በል እንጂ! በዓይንህ ልትበላት ነው።»

«የወረቀት ግመል ናት እኮ፣ አባባ።»

«የሳላት እጅ ግን የልጄ ነው!»

የማርያም ማኅበርተኛው እኔ፣ ሕዝብ ፊት ጮክ ብዬ «ማሻአላህ!» አልኩ።

ግመሏ ደህና ናት። የጀማል እጅም ደህና ነው። ቅናቴም እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው።

እናንተስ፣ የማን ሥራ ላይ ነው የምርቃት ቃሉ ጉሮሯችሁ ላይ የተሰነቀረው? ተናዘዙ፣ ብቻዬን አታስቀሩኝ።