በፎቶው ጠርዝ ያለችው እጅ

የውብዳር ልብስ ሰፊ ናት። ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም በሚባለው ሰፈር፣ ከወይዘሮ ውባንቺ ምግብ ቤት ጀርባ በተከራየቻት ጠባብ ክፍል ውስጥ የጊጊሪ ሰፈር ቢሮ ሠራተኞችን ሱሪ ታሳጥራለች፣ ለሠርግ የጠበበ የሐበሻ ቀሚስ ታሰፋለች፣ የተበላሸ ዚፕ ትቀይራለች። እጇ ፈጣን ነው። ረጅም ነገር አትወድም፤ ቸርች ውስጥ ስብከት ሲረዝም እንኳ ከኋላ ወንበር ሆና ሰዓቷን የምታይ ሴት ናት። ማሳጠር ያቃታት ቂምን ብቻ ነው።

ከአንድያ ወንድሟ ከገብረመድህን ጋር ከተኳረፉ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። እሱ የሚኖረው ባሕር ማዶ አይደለም፤ እዚያው ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ ነው። ከአውሮፕላን ጣቢያው የጭነት መጋዘን የነጋዴ ዕቃ የሚያስለቅቅ ትራንዚተር ነው። ትራፊክ ካልያዘ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ሄደው፣ ሻይ ጠጥተው፣ ለምሳ የሚመለሱበት መንገድ ነው። ግን የተኳረፈ ሰው ደጅ ከሞያሌ ይርቃል።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ እንነሳ። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት የውብዳር ከሆዷ ዕጢ በኦፕራሲዮን ወጥቶላት አልጋ ላይ ነበረች። በዚያው ሰሞን አሰላ የነበረችው እናታቸው ሞተች። ስልኩ የተደወለው ለገብረመድህን ነው። ሽማግሌዎች ተሰብስበው መከሩ፤ «ቁስሏ ሳይሽር መርዶ አይነገራትም» አሉ። ይህ በእኛ ዘንድ ያለ ነው፤ ማንም አይፈርድበትም። ገብረመድህንም ሁለት ወር ደበቃት። መደበቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይቅር ትለው ነበር። እሱ ግን እሑድ እሑድ ብርቱካን ይዞ ይመጣና ከራስጌዋ ተቀምጦ ያወራላታል።

«እማዬ ደህና ናት፤ ሰላም ብላሻለች። ላሟ ወለደች እኮ! ጥጃዋ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት።»

«ማን አሏት?»

«ቦራ።»

ከጥቂት እሑዶች በኋላ ደግሞ ቦራ አጥር ዘላ የጎረቤት ጎመን በልታ እናታቸው ከጎረቤት ጋር ተጨቃጭቃለች። የውብዳር ስፌቷ እስኪያማት ትስቃለች። ለካ እናቷ አፈር ከለበሰች ሰንብታለች፤ ላምም የለ፣ ጥጃም የለ።

እውነቱን የሰማች ዕለት የተናገረችው እስካሁን በሐበሻው መካከል ይወራል። «ከሰው ሁሉ መጨረሻ እኔ ልስማ? በሞተች እናቴ ስታስቀኝ ከረምክ? ከዛሬ ጀምሮ እህት የለህም። ብሞት እንኳ ለቅሶዬ ላይ እንዳትቆም!» ገብረመድህንም ኩራት የማያጣው ሰው ነውና ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። በዚያው ቀረ።

ባለፈው ወር ታዲያ አሰላ ያለችው የአክስታቸው ልጅ ሙሉዓለም፣ የእናታቸው ቤት ሲታደስ ግድግዳ ላይ ያገኘችውን ፎቶ በስልኳ አንስታ ለየውብዳር ላከችላት። ጥቁርና ነጭ ነው። ገብረመድህን ነው፤ ሁለቱ ናይሮቢ በገቡ ሰሞን ሪቨር ሮድ ካለ ፎቶ ቤት የተነሳው። ኮቱ የፎቶ አንሺው ነው፣ ክራባቱም የፎቶ አንሺው ነው። የራሱ ሱሪ ጉልበቱ ላይ ተቀዶ ስለነበር ሰውየው ከወገብ በላይ ብቻ አነሳው። ከጀርባው በቀለም የተሳለ አውሮፕላን አለ። እናታቸውን «ደልቶናል» ለማለት የተላከ ፎቶ ነው።

የሁለት ሰው ዋጋ ስላልነበራቸው የውብዳር አልተነሳችም። ከጎኑ ቆማ ያወለቀውን አሮጌ ሹራብ ይዛለት ነበር። ፎቶ አንሺው ግን ልክ አልለካም። በፎቶው የግራ ጠርዝ አራት ጣትና አንድ የሹራብ እጅጌ ገብተዋል። ያቺ እጅ የማን እንደሆነች የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።

የውብዳር ፎቶውን ስታይ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ አለቀሰች፣ ቀጥላ ተናደደች። የተናደደችው ስለናፈቃት ነው።

ፌስቡክ ላይ የናይሮቢ ሐበሾች የድሮ ፎቶ የሚለጥፉበት ግሩፕ አለ። አንዱ የሠርጉን፣ አንዷ የመዘምራኑን፣ ሌላው ከሞያሌ የገባበትን የጭነት መኪና ይለጥፋል፤ ከሥሩ «ያ ቀጭኑ አንተ ነህ?» «ፀጉርህ የት ሄደ?» ይባባላሉ። ቤቲ፣ የየውብዳር ልጅ፣ «የሽማግሌዎች ግሩፕ» ትለዋለች፤ አልገባችበትም። የውብዳር ግን ነገሩን አሰላችው። ቀድሜ አልደውልም ብላ ምላለች። ፎቶ መለጠፍ ደግሞ መደወል አይደለም። ለጠፈች እንበል፤ እሱ ያያል፣ እጇን ይለያል፣ ልቡ ይራራል፣ ይደውላል። እሷም ኩራቷ ሳይነካ ትታረቃለች። ገብረመድህን ፌስቡክ የሚባል ነገር እንደሌለው አታውቅም ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት የተኳረፈ ሰው ብዙ ነገር አያውቅም።

አርብ ጠዋት ሱቋን ከፍታ ለጠፈችው። ከላዩ ምን ትጻፍ? «ወንድሜ» እንዳትል እህት የለህም ብላዋለች። «ገብሬ» እንዳትል ማባበል መሰላት። ስለዚህ ምንም አልጻፈችም። ባዶ መስሎ ስለታያት ግን ከተደረደሩት ምልክቶች መርጣ አንድ ነጭ አበባ አኖረችበት። ወዲያው የኢንተርኔት ባንድሏ አለቀ። ሌላ አልገዛችም፤ የሚመጣውን መልስ ፈርታለችና ስልኩን ከቁልፍና ከክር ጋር መሳቢያ ውስጥ ጨምራ ሥራዋን ቀጠለች።

ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። የሐበሻ ፌስቡክ ላይ ግን የአንድ ሰው ጥቁርና ነጭ ፎቶ አበባ ተደርጎበት ያለ አንድ ቃል ሲለጠፍ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው። ጣቷን ከስልኩ ሳታነሳ ነው ለቅሶው የጀመረው። ኦርቶዶክሱ «ነፍስ ይማር» ይላል፣ ጴንጤው «ጌታ ያጽናናሽ» ይላል። በሕይወቱ ከገብረመድህን ጋር ተስማምቶ የማያውቅ አንድ ነጋዴ ስለ ደግነቱ ረጅም ጽሑፍ ጻፈ። ሌላው «ትናንት መንገድ ላይ ሰላም ብሎኝ ነበር፤ ለካ ሊሰናበተኝ ነው» አለ። እውነት ነው ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። እህቱ ከለጠፈችው ማን ይጠይቃል? ለገብረመድህንም የደወለ የለም፤ የሞተ ሰው ስልክ ላይ ማን ይደውላል?

ከሰዓት በኋላ መብራት ስለጠፋ የውብዳር ስልኳን ሳታየው ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ ሱቋን ዘግታ መዝሙር እያዜመች ወደ ቤቷ ሄደች። ውሃ ጥዳ ሳትጨርስ በሩ ተንኳኳ። ወይዘሮ ውባንቺና የቸርች ጓደኛዋ ማርታ ናቸው። ሁለቱም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ውባንቺ ኦርቶዶክስ ናት፣ ማርታ ጴንጤ፤ ሁለቱ አብረው የሚሄዱበት ጉዳይ አንድ ብቻ ነው። ሰላምታ ሳይሰጡ ገብተው አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ።

ልብ በሉ፤ እነሱ የመጡት ሐዘንተኛ ሊያጽናኑ ነው። የውብዳር ያየችው ግን መርዶ ነጋሪ ነው። አንዳቸው በግልጽ ቢናገሩ ነገሩ እዚያው ባበቃ ነበር። ግን ከእኛ ውስጥ ማን ነው ሞትን በግልጽ የሚናገር?

«አይዞሽ አንቺ ልጅ» አለች ውባንቺ። «መቼም ሁላችንም ሂያጅ ነን።»

የውብዳር የጣደችውን ውሃ ረሳችው። «እትዬ ውባንቺ፣ ቤቲ ናት?»

«ኧረ ቤቲን ይጠብቅልሽ! ምን ነካሽ?»

በዚህ ከተማ ከቤቲ ሌላ ሥጋዬ የምትለው አንድ ሰው ነው። «ገብሬ ነው?»

ማርታ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ተንሰቀሰቀች። የውብዳር ወለሉ ላይ ወደቀች።

«ወንድሜን! ሳልታረቀው! ቀድሜ አልደውልም ብዬ! ስንት ቀን ደበቃችሁኝ? ንገሩኝ፣ ስንት ቀን?»

«ዛሬ ነው ያየነው እህቴ፤ ወዲያው ነው የተነሳነው» አለች ማርታ፣ ሐዘን አእምሮዋን ያዞረባት መስሏት።

ዛሬ። አልደበቋትም ማለት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የተጣላችው ለዚህ አልነበረም? ወዲያው ይነገረኝ ብላ? ይኸው ወዲያው ተነገራት። የውብዳር ግን ያን ጊዜ የተመኘችው ሌላ ነገር ነው። ያ ጠዋት፣ መዝሙር እያዜመች ሱሪ ስታሳጥር፣ ገብሬ ይደውል ይሆን እያለች ስትፈራ የነበረችበት ጠዋት፣ ትንሽ በተራዘመ። ምነው እስከ ነገ በተዉኝ አለች በልቧ። በልቧ ብላው እዚያው ደነገጠች። ይህንኑ ነበር ወንድሟ የሰጣት፤ ሁለት ወር ሙሉ። እንግዲህ ይህን የምትነግረው ሰው የለም።

ቤቱ ሞላ። ከምግብ ቤቱ የፕላስቲክ ወንበር መጣ። ኬንያውያን ጎረቤቶች «ፖሌ ሳና ማማ»፣ አይዞሽ እናታችን፣ እያሉ እጇን ይዘው ወጡ። ውባንቺ ንፍሮ አስቀቀለች፤ የማርታ ሰዎች በአንድ በኩል መዝሙር ጀመሩ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከደጅ የወንድ ልቅሶ ተሰማ። «እህቴን! እህቴን! አንዲት እህቴን!» ሰው መንገድ ለቀቀለት። ጥቁር ካፖርት የለበሰ፣ ኮፍያውን ደረቱ ላይ የለጠፈ ሽበታም ሰው ገባ።

ውባንቺ አማትባ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። ማርታ «በኢየሱስ ስም!» ብላ እጇን ዘርግታ ገሠጸችው። በሩ አጠገብ የነበሩት ወንበራቸውን ጥለው ወጡ። እሱ ግን ማንንም አላየም። ፍራሽ ላይ የተቀመጠችውን፣ ዓይኗ ያበጠውን ሴት አየና ባለበት ቆመ።

«አልሞትሽም?» አለ።

«አንተስ?» አለች የውብዳር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጫላ የሚባል ዱቄት የሚያመላልስ ሹፌር ምግብ ቤቱ ተዘግቶ ሲያገኝ «የውብዳር ቤት ለቅሶ ሄደዋል» ተብሎ፣ ኢምባካሲ ሲመለስ ይህንኑ ለገብረመድህን ነገረው። ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ገብረመድህንም አልጠየቀም። ካፖርቱን አንስቶ ሮጠ።

«ብሞት ለቅሶዬ ላይ እንዳትቆም ብዬህ አልነበር?» አለች የውብዳር። መቆጣቷ ነበር፤ ድምፅዋ ግን እምቢ አላት።

«ብለሽኛል።»

«ታዲያ ለምን መጣህ?»

«ታዲያ ልቅር?»

ተነስታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ገና እየገባት፣ ካፖርቱን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ አለቀሰች።

ቤቲ ከጊጊሪ ሥራዋ የገባችው ይህን ጊዜ ነው። የሰውን ስልክ ተቀብላ አየችና ራሷን ያዘች። «ማሚ፣ ሲሪየስሊ? ካፕሽን እንኳ የለውም እኮ! በዚያ ላይ ፍላወር! አንክልን አንቺ ነሽ የገደልሽው፣ ሀኪ ያ ሙንጉ!» ብላ በስዋሂሊ በእግዜር ስም ማለች።

 መጀመሪያ አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ውባንቺ ብቻ ተቆጥታ ቀረች። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ምግብ ቤቴን አዘግተሽ፣ ንፍሮ አስቀቅለሽ!» ገብረመድህን ንፍሮውን ዘግኖ፣ «ጨው ያንሰዋል፤ ለእኔ ለቅሶ እንዲህ ነው?» አላት። እሷም ሳቀች። ቤቲ ግሩፑ ላይ «በሕይወት አለ» ብላ ጻፈች፤ እሱንም ሳያነብ ከሥሩ «ነፍስ ይማር» ያለ አልጠፋም።

ሰዉ ሲበተን ወንድምና እህት ፍራሹ ላይ ጎን ለጎን ቀሩ። ገብረመድህን መነጽሩን አድርጎ ፎቶውን በስልኳ አየው። ለኮቱም ለአውሮፕላኑም ግድ አልሰጠውም። ጣቱን በቀጥታ ወደ ግራው ጠርዝ ወሰደ።

«ሹራቤን ይዘሽልኝ» አለ።

«ብርድ ነበር» አለች። ቀጥላም፣ «ዛሬ ሲነግሩኝ እስከ ነገ ቢተዉኝ ምን ነበረበት አልኩ፣ ገብሬ» አለችው።

እሱ ኮፍያውን ያገላብጥ ጀመር። የምትለው እንደገባው ከእጁ ታወቀ።

«እማዬ እንዴት ናት?» አለችው።

ቀና ብሎ ፊቷን አየ። እየቀለደች አልነበረም። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ድሮ ከራስጌዋ ሲቀመጥ እንደሚያደርገው ወገቡን አቀና።

«ደህና ናት። ሰላም ብላሻለች።»

«ቦራስ?»

«ቦራማ ዛሬ ትልቅ ላም ሆናለች። በቀደም ወለደች።»

የውብዳር እግሯን ሰብስባ ወደሱ ጠጋ አለች። «ማን አሏት?»